ጉልቻ ቢለዋወጥ፦ የከሰል ምድጃ ከወለቃ እስከ ሐዴራ



«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት የማያውቅ ከመካከላችን አለ ብለን አንገምትም። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ጉልቻ ሳይሆን ስለ ሹም ነው፤ አንዱ ወርዶ ሌላው ተሹሞ ኑሮው እንዳለ ሲቀር። ተረቱን እንደ ቃሉ ወስዶ «እውነት ጉልቻ ቢለዋወጥ ለውጥ የለውም ወይ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ለዚህ ያነሣሣን ምክንያት አለ። የእስራኤል የነፃነት በዓል፣ ዮም ሃዓጽማኡት፣ ሲቃረብ በከተማችን በሐዴራ የሱቆች ደጃፍ በከሰል መጥበሻ ይሞላል። ክዳን የሌለው የቆርቆሮ ሣጥን አለ፤ ባለ ክዳን ድቡልቡል አለ፤ አንድ ቀን ተጠቅመው የሚጥሉት የአሉሚኒየም ትሪ አለ፤ እንደ ትልቅ እንቁላል የተሠራ ወፍራም የሸክላ ምድጃም አለ፤ የዚህኛው ዋጋ ያስደነግጣል። በቅርብ ዓመታት የመጡ ቤተሰቦች የትኛው እንደሚሻል ይጠይቁናል። ሻጩ የሚያውቀው ዕቃውን ነው እንጂ የገዢውን ቤት አይደለም። ስለዚህ መልሱን ከሱቁ ሳይሆን ከእናቶቻችን ምድጃ እንጀምራለን። ዓመታቱን በሙሉ የምንጽፈው በዚህ አገር አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የጎጆው እሳት

በጎንደርና በአካባቢው በነበረው የገጠር ኑሯችን የእሳቱ ቦታ ሦስት ድንጋይ ነበር። በሦስቱ ጉልቻ መካከል እንጨት ይነድዳል፤ ድስቱ ወይም ምጣዱ በላዩ ይጣዳል። ጢሱ ወዴት ይሄዳል ቢባል፣ የጭስ ማውጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ጎጆው የሣር ክዳን ነው፤ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ እንጨት ነው፤ በሩም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ጢሱ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይወጣል። ጣሪያውን ከተባይ የሚጠብቀው ይኸው ጢስ ነበር፤ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ የጎዳውም እርሱው ነው። ያም ሆነ ይህ ቤቱ ጢስ እንዲያሳልፍ ሆኖ የተሠራ ቤት ነበር። አንባቢ ይህን ነጥብ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከጉልቻው ሌላ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሰው የሸክላ ምድጃ አለ። ይህ ደግሞ የራሳችን ሰዎች የእጅ ሥራ ነው። የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ በዚሁ ሥራ ስሟ ወጥቶ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን ከሩቅ አገር የመጡ ጎብኚዎች ሳይቀሩ የሚያዩዋት መንደር ሆና ነበር። ሸክላ ሠሪዋ የሚሽከረከር መንኰራኵር አልነበራትም። ጭቃውን አቡክታ፣ እንደ ገመድ አድበልብላ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያነባበረች በእጇ ቅርጹን ታወጣለች፤ አለስልሳ፣ አድርቃ፣ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት እሳት ትተኩሰዋለች። ከዚያ እሳት ሳይሰነጠቅ የወጣ ዕቃ ሌላ እሳት አይፈራም።

የሸክላ ግድግዳ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ቀስ ብሎም ይለቃል። ስለዚህ ጀበናው አቦሉን ከሰጠ በኋላ ለቶናና ለበረካ የሚበቃ ሙቀት በምድጃው ውስጥ ይቆያል፤ ከሰል መጨመር አያስፈልግም። የቆርቆሮ ምድጃ ይህን አያውቅም፤ የተቀበለውን ሙቀት ወዲያው ወደ ውጭ ይበትነዋል፤ እግር የሚያቃጥለውም በዚህ የተነሣ ነው። ሸክላው ቢሰበር እንኳ አይጣልም። ስባሪው፣ ማለትም ገሉ፣ ከጎረቤት እሳት መጫሪያ ይሆናል። ክብሪት ብርቅ በነበረበት ዘመን በማለዳ በገል ላይ ፍም ይዞ የሚሮጥ ልጅ ማየት የተለመደ ነበር።

የባለ እጁ ከሰል

ከሰልን በኑሯችን ውስጥ ዋና ነገር ያደረገው ግን ወጥ ቤቱ ሳይሆን ብረት መቀጥቀጫው ነው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ የሚሠራ ባለ እጅ በእንጨት እሳት አይሠራም። እንጨት ውስጡ ውሃ አለው፤ ጢሱም ብዙ ነው፤ ሙቀቱ ይባክናል። እንጨቱን ከምረው፣ በሣርና በአፈር ሸፍነው፣ አየር እየነፈጉ ቀስ እያለ እንዲጤስ ሲያደርጉት ግን ውሃውና ጢሱ ወጥቶ ከሰሉ ይቀራል። በዚህ በአፈር በሚሸፈነው ዘዴ ከ100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከቆዳ በተሠራው ወናፍ ሲነፉበት ብረትን አግሎ እንደ ሊጥ የሚያለሰልስ ሙቀት ይሰጣል።

እዚህ ላይ አየር የሚለውን ቃል እንያዝ። ወናፉ ብዙ አየር ሲሰጠው ከሰሉ ይግላል፤ አየር ሲያጣ ይዳፈናል። ዛሬ በሱቅ የተደረደሩት መጥበሻዎች ልዩነታቸው ቀለማቸው ወይም መንኰራኵራቸው አይደለም። አየሩን ምን ይቆጣጠረዋል? ሙቀቱንስ የሚይዘው ምን ዓይነት ግድግዳ ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የያዘ ሰው በሻጭ ንግግር በቀላሉ አይወሰድም።

ይህ ሙያ ያስከፈለንን ዋጋ ሳንጠቅስ ግን ማለፍ አንችልም። ከ1414 እስከ 1429 የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ከወጋ በኋላ ክርስትና ያልተቀበለ ርስት እንዳይወርስ ማዘዙ ይነገራል። መሬት የተነፈገ ሰው በእጁ ይኖራል፤ ከጊዜ ብዛት ብረቱም ሸክላውም የእኛ መተዳደሪያ ሆነ። ማረሻውን ከእኛ የሚገዛው ጎረቤት ግን ባለ እጁን «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያለ ይፈራውም ይንቀውም ነበር። ያለ እርሱ ማረሻ እርሻውም እንደማይኖር የሚያስብ አልነበረም። እዚህ አገር ያደጉ አንዳንድ ልጆቻችን አያታቸው ቀጥቃጭ፣ ሴት አያታቸው ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ሲነገራቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። አንገቱን መድፋት የነበረበት ሌላው ነው።

ባሕር ዛፍ በሁለት አገር

ወደ ከተማው እሳት እንምጣ። አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ገደማ ከተማውን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ካጸኗት ነገሮች አንዱ በ1890ዎቹ ከውጭ የመጣው ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ማገዶው ከባሕር ዛፍ፣ ከሰሉ ደግሞ በብዛት ከስምጥ ሸለቆ ግራር እየሆነ የከተማው ወጥ ቤት በዚህ ኖረ። ዛሬ ደግሞ በአማራ ክልል በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክለው፣ አሳድገው፣ አክስለው ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ።

የከተማው ሰው ምድጃ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። በመርካቶ በምናለሽ ተራ ያሉ ባለ እጆች አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ቆርጠው፣ ቀጥቅጠው ምድጃ ያወጣሉ። ርካሽ ነው፤ ከሰል ግን ይበላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ላቀች» የተባለው ምድጃ ገበያ ላይ ዋለ። ይህ ምድጃ ከኬንያው የሸክላና የቆርቆሮ ምድጃ የተወሰደ ሲሆን፣ ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር የከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥባል ተብሎለታል። ምሥጢሩ ምንድን ነው ቢባል፣ የወለቃ ሴቶች የሚያውቁት ነው፤ የሸክላ ግድግዳ ሙቀት ይይዛል። ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በ«ጹር እስራኤል» ዘመቻ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ላቀችን ከእኛ ይልቅ ታውቁት ይሆናል። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል የመጡት አያውቁትም።

አሁን ወደ ሐዴራ እንሻገር። ኢየሆሹዓ ሃንኪን መሬቱን ገዝቶ ከሩሲያ ግዛት የመጡ አይሁድ በ1891 ሲሰፍሩበት አገሩ ረግረግ ነበር፤ የከተማው ስም ራሱ «አረንጓዴ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። የዛሬዋ ጊቫት ኦልጋ የምትጠራው በሃንኪን ሚስት በኦልጋ ስም ነው። አረንጓዴው መሬት ግን ገዳይ ሆነ። ወባ ቤተሰቡን ሙሉ እየጨረሰ በመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት ብዙ ሰው አለቀ። ባሮን ሮትሽልድ ገንዘብ ሰጥቶ፣ ከግብፅ ሠራተኞች መጥተው ቦይ ቆፈሩ፤ በቦዩም ዳርና በረግረጉ ላይ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ይህ የሆነው በዚያው በ1890ዎቹ ነው። አንድ ዛፍ በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ በሁለቱም አገራችን ተተከለ፤ በአዲስ አበባ ለማገዶ፣ በሐዴራ ረግረግ ለማድረቅ። በሐዴራ የተለመደው ዓይነት በአገራችን ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ነው። አዲስ የመጡ እናቶች በሐዴራ ወንዝ መናፈሻ ሲያልፉ ቅጠሉን ቀጥፈው የሚያሸቱት ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ምድርም ከሰል የቆየ ታሪክ አለው። ከሐዴራ በዋዲ ዓራ መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኡም ኤል ፋሕም ይደርሳል። ትርጉሙ «የከሰል እናት» ማለት ነው፤ በዙሪያው ከነበረው ደን ከሰል ይከሰል ስለነበር ነው። እስከ ቅርብ ዘመን ድረስም ከዚያ ማዶ በያዕበድ አካባቢ የሎሚና የብርቱካን ዛፍ እያከሰሉ ለእስራኤል ገበያ ያቀርቡ ነበር፤ ስለ ጢሱም የጎረቤት መንደሮች አቤቱታ ብዙ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ዓረቡ ፋሕም ይላል፤ ዕብራይስጡ ፔሐም ይላል፤ ግዕዙ ፍሕም ይላል፤ እኛ ፍም እንላለን። ሱቅ ገብታችሁ «ፔሐሚም» ብላችሁ ስትጠይቁ የአያቶቻችሁን ቃል እየተናገራችሁ ነው። ዕብራይስጥ ከባድ ነው ለሚሉ ወላጆች ይህን ያህል እንኳ መጽናኛ ይሁናቸው።

ማንጋል

እስራኤላውያን የከሰል መጥበሻን ማንጋል ይሉታል፤ ድግሱን ደግሞ «ዓል ሃኤሽ»፣ ማለትም «በእሳት ላይ» ይሉታል። ማንጋል የቱርክ ቃል ሲሆን፣ ከዓረብኛው «ማንቀሳቀስ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ከቦታ ቦታ የሚወሰድ እሳት ማለት ነው። በኦቶማን ቱርክ ዘመን ማንጋል ሥጋ መጥበሻ አልነበረም። ከመዳብ የተሠራ፣ በእልፍኝ መካከል የሚቀመጥ የእሳት ዕቃ ነበር፤ ቤተሰቡ ይሞቀዋል፤ ቡናውም በዳሩ ይፈላል። የእኛ የቡና ምድጃና የቱርክ ማንጋል እንግዲህ አንድ ሥራ ነበራቸው። ሥጋውና ሹፉዱ የገቡበት ከቤት ወደ ሜዳ ሲወጣ ነው።

የዛሬው ክዳን የሌለው ማንጋል ቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ በጎኑ ቀዳዳ አለው፤ በላዩ የሽቦ ወንፊት ይደረጋል። አየሩን የሚቆጣጠረው ሰው ነው፤ በዚህ አገር ናፍናፍ የሚሉትን ማራገቢያ ይዞ የሚቆም ሰው፣ ማራገቢያ ከሌለ ካርቶን። ወናፉ ቆዳ መሆኑ ቀርቶ ካርቶን ሆነ እንጂ ሥራው ያው የአያቶቻችን ሥራ ነው። ለስስ ሥጋ፣ ለክንፍ፣ በሹፉድ ለተሰካ ቁራጭ ከዚህ የሚሻል የለም። ለሙሉ ዶሮ ግን አይሆንም፤ ውጭው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ስትገዙ ቆርቆሮው ወፈር ያለ፣ እግሩ የማይነቃነቅ ይሁን። ዝገት እንዳይዘው በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ወይም ባልዲ ቆርጣችሁ እሳት እንዳታነድዱበት፤ ዚንኩ ሲግል የሚወጣው ጢስ ይመርዛል። ስለ አሉሚኒየሙ ትሪ ብዙ አንልም። መሬት ላይ ወይም በመናፈሻው አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ያለውን ያቃጥላል፤ ለአንድ ቀን የተገዛ ዕቃም ሁለተኛ ቀን የለውም።

ባለ ክዳኑ ድቡልቡል ከአሜሪካ የመጣ ነው። በ1952 በቺካጎ አቅራቢያ፣ ዌበር ወንድማማቾች በተባለው የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን ነፋስና ዝናብ ጥብሱን ቢያበላሹበት፣ ፋብሪካው ለመርከቦች ምልክት እንዲሆን በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የብረት ኳስ ይሠራ ነበርና እርሱን ለሁለት ቆረጠው። ታችኛው እሳት መያዣ፣ ላይኛው ክዳን ሆነ፤ ከላይና ከታች የአየር ቀዳዳ ተደረገለት። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳውን ሲከፍቱት ይግላል፤ ሲያጠቡት ይበርዳል፤ ሁለቱንም ሲዘጉት እሳቱ ይጠፋና የተረፈው ከሰል ለሌላ ቀን ይቀመጣል። ከሰሉን ወደ አንድ ወገን ገፍቶ ሙሉ ዶሮውን በሌላው ወገን አድርጎ ክዳኑን ቢዘጉት ሳያርር ይበስላል። በእኛ ግምት ግቢ ላለው ወይም ምድር ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያወጣበት ይኸኛው ነው። ግቢ የሌለውና ወደ መናፈሻ የሚወጣው ግን በመኪና ወይም በአውቶቡስ የሚሸከመውን የሚታጠፍ ማንጋል ይግዛ፤ ትልቁን ገዝቶ በሚርፔሴት ላይ ሲያዝገው እንዳይኖር።

ያ እንቁላል የሚመስለው ውዱ ዕቃ ካማዶ ይባላል። መነሻው የጃፓን የሩዝ መቀቀያ ምድጃ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች አይተው ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ ከ1974 ጀምሮም በአትላንታ የሚገኝ አንድ ኩባንያ አረንጓዴ ቀብቶ በዓለም ሁሉ ይሸጠዋል። ግድግዳው ወፍራም ሸክላ ነው። ጥቂት ከሰል ለብዙ ሰዓት ይበቃዋል፤ ሥጋውም አይደርቅም። ቢወድቅ ግን ይሰነጠቃል፤ ክብደቱም ለሁለት ሰው ሸክም ነው። ስለ እርሱ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሻጩ «ሸክላ ሙቀት ይይዛል» ብሎ እንደ አዲስ ግኝት ሲነግራችሁ፣ በዝምታ አዳምጡትና ለሴት አያታችሁ ንገሯቸው። ወለቃ ላይ ይህንኑ ዕውቀት በጥቂት ሳንቲም ሲሸጡት የተናቁ ሰዎች እንደነበሩ ሱቁ አያውቅም።

ስለ ከሰሉም ጥቂት እንበል። በጆንያ የሚሸጠው አንዱ ዓይነት እንጨቱ እንዳለ የተከሰለ ቁራጭ ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ በጣም ይግላል፣ ቶሎም ያልቃል። ሌላው ተፈጭቶ፣ ተጣብቆ፣ በመኪና የተጨመቀ እኩል እኩል ጡብ ነው። ይህን በአሜሪካ ያስፋፋው በ1920ዎቹ ሄንሪ ፎርድ ነው፤ ከመኪናው የእንጨት ክፍሎች የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ላለመጣል ሲል። ቀስ ብሎ ይያያዛል፤ ሙቀቱ ግን እኩል ሆኖ ይቆያል። ባለ ክዳኑ ይህን ይወዳል፤ ክፍቱ ማንጋል የመጀመሪያውን። በየትኛውም ላይ ቤንዚን አይፈሰስ። ቀለም የተቀባ የዕቃ መጫኛ ጣውላም አይነደድበት። ከሰሉ ነጭ አመድ ሳይለብስ ሥጋ መጣድ ደግሞ የችኩል ሰው ሥራ ነው።

ቤቱና ምድጃው

ከላይ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን የጠየቅነው ነገር እዚህ ላይ ይፈለጋል። የጎጆው እሳትና ጎጆው የተስማሙ ነበሩ፤ ቤቱ ይተነፍስ ነበር። በሐዴራ የምንኖርበት ቤት ሲሚንቶ ነው፤ መስኮቱ አሉሚኒየም ነው፤ ሲዘጋ ነፋስ አያስገባም። ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በሚሠሩ ቤቶች ውስጥ ያለው ማማድ ደግሞ ጋዝ እንዳይገባበት ታስቦ የሚታተም ክፍል ነው፤ ጋዝ የማያስገባ ክፍል ጋዝ አያስወጣም። የክረምቱ ብርድና ዝናብ ሲጠና፣ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ሲከብድ፣ ከውጭ የጋለውን ምድጃ ወደ ቤት አስገብቶ ልጆችን ለማሞቅ የሚያስብ ቤተሰብ አለ። ጢስ የለውምና ምን ያደርጋል ይባላል።

የሚገድለው ጢሱ አይደለም። ከሰል ሲነድ፣ በተለይም አየር ሲያጥረው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል፤ ከዚያ እንቅልፍ የማይነቃ ብዙ ነው። በአዲስ አበባም «በከሰል ታፍኖ ሞተ» ሲባል እንሰማ ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ግድግዳ ያለው የከተማ ቤት እንደ ጎጆው አይተነፍስምና። በላዩ አመድ የለበሰ ረመጥ እንኳ ይህን ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ማንጋልም ሆነ የቡና ምድጃ በቤት ውስጥ፣ በማማድ ውስጥ፣ በተዘጋ ሚርፔሴት ውስጥ አይገባም፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም አያድንም። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፤ ከዚያ ለአምቡላንስ 101፣ ለእሳት አደጋ 102 ደውሉ።

ከቤታችን በስተምዕራብ በባሕሩ ዳር የሚታየውን ኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተመልከቱ። የድንጋይ ከሰል እንዲያነድ ሲሠራ ለጢሱ 300 ሜትር የሚደርስ ማውጫ ቆመለት። የእኛ ሳሎን ምን አለው?

ታዲያ ቡናውስ? ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ለእናቶቻችን ቡና ያለ ፍም ቡና አይደለም። ግቢ ያላቸው በግቢ ያፍሉ፤ የሌላቸው በቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልተው ጀበናውን በረከቦቱ ላይ ያቅርቡ። ጣዕሙ ያው አይደለም የሚሉን አሉ። አንከራከራቸውም።

የቀረውን ባጭሩ እንለፈው። የጎረቤት ቤት በጢስ እንዳይሞላ የሚጠብቅ ሕግ በዚህ አገር ከ1961 ጀምሮ አለ፤ በጋራ ሕንፃ የምትኖሩ ከማንደዳችሁ በፊት የሕንፃውን ኮሚቴ፣ ቫዓድ ባይቱን፣ ጠይቁ። ሐዴራ የባሕር ዳር ከተማ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ምድጃውን ስታቆሙ ጢሱ በማን መስኮት እንደሚገባ አስቀድማችሁ እዩ። በደን ውስጥ በተፈቀደው ቦታ ካልሆነ በቀር እሳት አይነደድም። ሥጋ የሚነካውን አዲስ የብረት ወንፊት በሚቅዌ ማጥመቅ፣ ከሌላ ሰው የተገዛውንም በእሳት አግሎ ማካሸር እንዳለ ቄሶቻችሁንና ራቢዎቻችሁን ጠይቁ፤ ጉበትም የሚካሸረው በግልጽ እሳት ላይ ተጠብሶ ነውና ለዚህ ማንጋሉ ይረዳል። በኢትዮጵያ ሳለን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋ፣ የሰንበቱ ምግብ ቀዝቃዛ ይበላ ነበር፤ ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማንጋል የሚያነድድ ሰው እሳቱ የሚጠፋበትን ሰዓት ጭምር ይቁጠር።

የመጨረሻው ነገር አመዱ ነው። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑት ነበር፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ ሕያው ሆኖ ያገኙታል። በነፃነት በዓል ማግስት የፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ ቀልጦ የሚገኘው ይህን የማያውቅ ሰው ነጩን አመድ የሞተ መስሎት ስለሚደፋው ነው። ክፍት ማንጋል ከሆነ ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አገላብጡት፣ እንደገና አፍስሱበት። ባለ ክዳን ወይም ሸክላ ከሆነ ውሃ አታፍስሱበት፤ ሸክላው ይሰነጠቃልና ቀዳዳዎቹን ዘግታችሁ እስከ ማግስቱ ተዉት። እጅ ሲጠጋው ሙቀት የማይሰማ ከሆነ ያን ጊዜ ይጣላል።